ራዲዮ ራሱን አይዳኝም፦ የቆየ ራዲዮን በሲግናል ጀነሬተር ስለ መቃኘት



የዛሬው ንግግሬ የቆየ የራዲዮ ተቀባይን በሲግናል ጀነሬተር ስለ መቃኘት ነው። ሰው ሁሉ በእጅ ስልኩ በሚያዳምጥበት ዘመን ይህ ርዕስ ምን ይፈይዳል ብላችሁ ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም ሁለት ነው። አንደኛ፣ በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይና በየጥገና ሱቁ መደርደሪያ ላይ ሞቱ ተብለው ከተቀመጡት የቫልቭና የትራንዚስተር ራዲዮዎች ብዙዎቹ አልሞቱም፤ ቅኝታቸው ስለ ጠፋ ብቻ መስማት ተስኗቸዋል። ሁለተኛ፣ ይህ ሥራ አንድ ተማሪ «መለካት» የሚለውን ቃል ትርጉም በገዛ እጁ እንዲያውቅ ከሚያደርጉት ልምምዶች ሁሉ፣ እኔ ካየኋቸው መካከል የተሻለው ነው።

የንግግሬን ፍሬ ነገር ከመነሻው ልናገር። ራዲዮ ራሱን በራሱ ሊዳኝ አይችልም። ከውጭ የመጣ፣ እርሱም ራሱ የተረጋገጠ ምስክር ያስፈልገዋል። ሲግናል ጀነሬተር ማለት ያ ምስክር ነው። ምስክሩ ሳይቀርብ ካቻቢቴ ያነሣ እጅ፣ ፋብሪካው ትቶልን የሄደውን ብቸኛ ማስረጃ ያጠፋል።

«መቃኘት» የሚለውን ቃል የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው። ክራር ይቃኛል፤ በገና ይቃኛል፤ ራዲዮም ይቃኛል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የክራር ደርዳሪ አውታሮቹን እርስ በርሳቸው ያስማማል፤ ከዚያም ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ያገናኛቸዋል። አውታሮቹ በሙሉ በእኩል መጠን ጥቂት ከፍ ወይም ጥቂት ዝቅ ቢሉ፣ ዘፋኙም አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ዜማው አይበላሽም። ራዲዮ ግን ይህ ነፃነት የለውም። ጣቢያው የሚያሰራጭበት ፍሪኩዌንሲ በእኛ ጆሮ ፈቃድ አይነሣም፤ አይወርድም። ስለዚህ ራዲዮ ሁለት ስምምነት ይፈልጋል፦ አንዱ የውስጥ፣ ማለትም ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው፤ ሌላው የውጭ፣ ማለትም ራዲዮው ከዓለም ጋር። ጆሮ የመጀመሪያውን በከፊል ሊፈርድ ይችላል። ሁለተኛውን ግን በፍጹም አይችልም።

ይህ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት የተቀባዩን አሠራር በአጭሩ እንመልከት። ዛሬ የምናነሣቸው ራዲዮዎች ሁሉ ሱፐርሄትሮዳይን በሚባለው ዘዴ የተሠሩ ናቸው። ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓሪስ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1918 ቀረጸው፤ ፈረንሳዊው ሉሲየን ሌቪና ጀርመናዊው ዋልተር ሾትኪም በዚያው ዘመን ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ ደርሰው ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱን ጣቢያ በየራሱ ፍሪኩዌንሲ ከማጉላት ይልቅ፣ ሁሉንም ጣቢያዎች ወደ አንድ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ መለወጥና በዚያ ላይ አንድ ጊዜ በሚገባ የተስተካከለ ማጉያ መጠቀም። ያ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ይባላል። በአብዛኞቹ የአሜሪካና የጃፓን ራዲዮዎች 455 ኪሎኸርዝ ነው፤ በእንግሊዝ ሥሪቶች 465 ወይም 470፣ በጀርመን ሥሪቶች ደግሞ 460 ወይም 468 ይገኛል።

ለውጡን የሚያከናውነው በራዲዮው ውስጥ ያለው ኦሲሌተር ነው። የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ በ1,000 ኪሎኸርዝ ቢያሰራጭ፣ ኦሲሌተሩ 1,455 ያመነጫል፤ የሁለቱ ልዩነት 455 ይሆናል። ማዞሪያውን ስናዞር አንድ ዘንግ ሁለት ቫሪያብል ካፓሲተሮችን አብሮ ያዞራል፤ አንዱ የአንቴናውን ሰርኪት፣ ሌላው ኦሲሌተሩን ይመራል። እንግዲህ ሦስት ነገሮች መስማማት አለባቸው። መካከለኛው ማጉያ በተወሰነለት ፍሪኩዌንሲ ላይ መቆም አለበት። ኦሲሌተሩ በመስታወቱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር በትክክል በዚያው ልዩነት ከፍ ማለት አለበት። የአንቴናው ሰርኪት ደግሞ በመስታወቱ ላይ ያለውን ቁጥር ራሱን መከተል አለበት።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከ540 እስከ 1,600 ኪሎኸርዝ ለመድረስ የአንቴናው ሰርኪት ካፓሲታንሱን በ8.8 እጥፍ ገደማ መለወጥ ይኖርበታል። ኦሲሌተሩ ግን ከ995 እስከ 2,055 ብቻ ስለሚሄድ የሚያስፈልገው 4.3 እጥፍ ገደማ ነው። በአንድ ዘንግ የሚዞሩ ሁለት ካፓሲተሮች ይህን የተለያየ መንገድ እኩል እንዲሄዱ ለማድረግ፣ መሐንዲሶቹ ፓደር የሚባል ተከታታይ ካፓሲተርና ትሪመር የሚባሉ ትንንሽ ተስተካካይ ካፓሲተሮችን ጨመሩ። በዚህም ብልሃት ስምምነቱ በሦስት ነጥቦች ላይ ፍጹም፣ በመካከላቸው ደግሞ በቂ ይሆናል። ስለዚህ እኛ የምናዞራቸው ብሎኖች የዘፈቀደ ጌጦች አይደሉም። እያንዳንዳቸው የአንድ ስሌት ፍጻሜ ናቸው።

ታዲያ ቅኝት ለምን ይጠፋል? ዘመን ሰም ያደርቃል፤ እርጥበት ትሪመሮችን ይለውጣል፤ ቫልቭ ሲተካ የውስጥ ካፓሲታንሱ ጥቂት ይለያል። እነዚህ ሁሉ ግን የሚያስከትሉት ጉዳት በአብዛኛው ትንሽ ነው። ትልቁን ጉዳት የሚያመጣው የሰው እጅ ነው። ራዲዮው ድምፁ ሲደክም፣ መንሥኤው የወረቀት ካፓሲተር መፍሰስ ወይም የቫልቭ መዳከም ሆኖ ሳለ፣ አንድ ሰው ክዳኑን ከፍቶ የሚያየውን ብሎን ሁሉ ያዞራል። በመጨረሻ ካፓሲተሩ ሲተካ ራዲዮው ወደ ጤናው አይመለስም፤ ምክንያቱም አሁን ሁለተኛ በሽታ ተጨምሮበታል። ከፋብሪካ የወጣ ያልተነካ ቅኝት፣ ምንም ያህል ቢያረጅ፣ ከትክክለኛው ነጥብ ብዙም አይርቅም። ብዙ እጅ ያለፈበት ቅኝት ግን የት እንደ ነበረ የሚነግረን ምንም ምልክት አይተውም። እንግዲህ የሙያችን የመጀመሪያ ሕግ ይህ ይሁን፦ ቅኝት የጥገና መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ቮልቴጁ ሳይለካ፣ የፈሰሰው ካፓሲተር ሳይተካ፣ ቫልቩ ሳይመረመር ብሎን አይነካም።

እዚህ ላይ በጥገና ሥራ የቆያችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ የምታነሡትን ክርክር አውቃለሁ። «እኛ በጆሯችን ቃኝተን ስንት ራዲዮ አዳነናል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ለዚያ ጆሮ ታላቅ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን ጆሮ በሁለት ነገር ይታለላል። የመጀመሪያው የራሱ ተፈጥሮ ነው፦ የድምፅ መጠን በአንድ ዴሲቤል ሲለወጥ ጆሮ እምብዛም አይሰማውም፤ ያው ለውጥ በቮልትሜትር ላይ 12 በመቶ ነው፤ መርፌው በግልጽ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው በራዲዮው ውስጥ ያለው፣ የጠንካራና የደካማ ጣቢያ ድምፅን እኩል እንዲሆን የሚያመጣጥነው ሰርኪት ነው። ይህ ሰርኪት ለአድማጩ ወዳጅ ነው፤ ለቃኚው ግን አሳሳች ነው። ጠንካራ ጣቢያ ላይ ሆነን ብሎን ስናዞር፣ የምናገኘውን ጥቅም ሁሉ እርሱ መልሶ ይወስደዋል፤ ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሰማናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጆሮ «ይህ ጮኾ ተሰማ» ሊል ይችላል እንጂ «ይህ 455 ነው» ሊል አይችልም።

አሁን ወደ ምስክሩ እንምጣ። ሲግናል ጀነሬተር የምንፈልገውን ፍሪኩዌንሲ፣ በምንፈልገው ኃይል የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። ለዚህ ሥራ በ400 ወይም በ1,000 ኸርዝ ድምፅ፣ 30 በመቶ ያህል ሞዱሌት የተደረገ ምልክት እንጠቀማለን፤ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ወጥ ፉጨት የሚለካውም ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን ምስክሩን ራሱን ማን ይመሰክርለታል? በየላቦራቶሪው የሚገኙ አሮጌ ጀነሬተሮች የማዞሪያ ሰሌዳቸው አንድ በመቶ ቢሳሳት በ455 ላይ 4.5 ኪሎኸርዝ ይሆናል። ይህ በመካከለኛ ሞገድ በሁለት ጎረቤት ጣቢያዎች መካከል ካለው የ9 ኪሎኸርዝ ርቀት ግማሹ ነው። ስለዚህ ፍሪኩዌንሲ ቆጣሪ ያለው ሰው በዚያ ያረጋግጥ።

ቆጣሪ የሌለው ሰውም መንገድ አለው። የስርጭት ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲያቸውን እጅግ በጥንቃቄ ይጠብቃሉ፤ አየሩ ራሱ የመለኪያ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ጀነሬተሩ ከዋናው ፍሪኩዌንሲ ጋር ሁለት እጥፉንና ሦስት እጥፉንም በጥቂቱ ያመነጫል። እንግዲህ በ909 ኪሎኸርዝ ላይ የሚሰማ ጣቢያ ቢኖር፣ ጀነሬተሩን ያለ ሞዱሌሽን ወደ 454.5 አካባቢ አድርጋችሁ በሌላ ጤናማ ራዲዮ ያንን ጣቢያ አዳምጡ። ሁለት እጥፉ ከጣቢያው ጋር ሲቀራረብ ፉጨት ይሰማል፤ ፉጨቱ እየወፈረ ይወርድና ይጠፋል። ያን ጊዜ ጀነሬተራችሁ 454.5 ላይ ነው። በአጭር ሞገድ ደግሞ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት በፎርት ኮሊንስ የሚገኘው ደብልዩ ደብልዩ ቪ ጣቢያ በ5፣ በ10 እና በ15 ሜጋኸርዝ የፍሪኩዌንሲ መለኪያ ይልካል፤ አየሩ ሲፈቅድ ያን መጠቀም ይቻላል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ኃላፊነቴን አልተወጣሁም። አንዳንድ የቫልቭ ራዲዮዎች የኃይል ትራንስፎርመር የላቸውም። በእነዚህ ላይ የብረት ሻሲው ከግድግዳው መሥመር አንዱ ገመድ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፤ ሶኬቱ እንደ ተሰካበት አቅጣጫ ሻሲው ሙሉ 220 ቮልት ሊይዝ ይችላል። የጀነሬተሩን የመሬት ገመድ በእንዲህ ያለ ሻሲ ላይ ማሰር መሣሪያውን ያቃጥላል፤ ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ መሥመርን ለይቶ የሚያቀርብ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ሳይኖር እነዚህን አትክፈቱ። ትራንስፎርመር ባላቸውም ቢሆን፣ ራዲዮው ከጠፋ በኋላ ትላልቆቹ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው እንደሚቆዩ አትርሱ። አንድ እጃችሁን ከሻሲው አርቃችሁ ሥሩ።

የሚያስፈልጉን ሌሎች መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው። በድምፅ ማጉያው ጫፎች ላይ የሚታሰር የኤሲ ቮልትሜትር፤ 0.1 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር፤ ከፕላስቲክ የተሠራ ካቻቢቴ፤ ቢገኝ ደግሞ የራዲዮው የሰርኪት ሥዕል። የብረት ካቻቢቴ ወደ ኮይሉ ሲገባ ራሱ ቅኝቱን ይለውጣል፤ ሲወጣ ደግሞ ያገኛችሁት ነጥብ አብሮት ይሄዳል። ራዲዮውንም ጀነሬተሩንም አብርታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩአቸው፤ ሁለቱም ሲሞቁ ፍሪኩዌንሲያቸው ይንሸራተታልና።

የመጀመሪያው እርምጃ መካከለኛውን ማጉያ መቃኘት ነው። የራዲዮውን መርፌ ጣቢያ ወደሌለበት የታችኛው ጫፍ ወስዳችሁ፣ የድምፅ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ፣ የጀነሬተሩን ምልክት በ0.1 ማይክሮፋራዱ ካፓሲተር በኩል ወደ ሚክሰሩ ግሪድ፣ በትራንዚስተር ራዲዮ ደግሞ ወደ ቤዙ አስገቡ። ከዚያ ለድምፅ ማጉያው ከሚቀርበው የመጨረሻ ትራንስፎርመር ጀምራችሁ ወደ ኋላ፣ ወደ ሚክሰሩ እየሄዳችሁ እያንዳንዱን ኮር መርፌው ከፍተኛውን እስኪያሳይ አዙሩ። አንድ ዙር አይበቃም፤ አንዱ ሌላውን ስለሚነካ ሁለትና ሦስት ጊዜ መደገም አለበት። በዚህ ሁሉ ጊዜ የማትዘነጉት ትእዛዝ አንድ ነው፦ ራዲዮው እየነቃ በሄደ ቁጥር የጀነሬተሩን ኃይል ቀንሱ፤ የድምፅ ማዞሪያውን አትንኩ። ምልክቱ ደካማ ሲሆን ያ አመጣጣኝ ሰርኪት ይተኛል፤ እውነተኛው ጫፍም ይገለጣል።

እዚህ ላይ ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ ኮር በጉዞው ላይ ሁለት ጫፍ ያሳያል፤ ብዙውን ጊዜ ፋብሪካው የሚፈልገው ኮሩ ወደ ውጭ ሳለ የሚገኘውን ነው። በሰም የተያዘ ኮር በኃይል ሲዞር ይሰነጠቃል፤ ቀስ ብሎ በሙቀት ማላቀቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ በጥራት ድምፅ የሚታወቁ አንዳንድ ትላልቅ ራዲዮዎች መካከለኛ ማጉያቸው ሆን ተብሎ ሰፊ፣ አንዳንዴም ባለ ሁለት ጉብታ ሆኖ ተሠርቷል። እነዚህን በአንድ ነጥብ ላይ ማሾል የድምፃቸውን ብሩህ ክፍል ይቆርጠዋል፤ የአምራቹ መመሪያ ሳይኖር አይነኩም። በኋለኞቹ የትራንዚስተር ራዲዮዎች ላይ ደግሞ የማይዞር የሴራሚክ ማጣሪያ ካለ፣ እርሱ ራሱ ፍሪኩዌንሲውን ወስኗልና ትራንስፎርመሮቹን ወደ እርሱ አስማሟቸው እንጂ ወደ 455 አትጎትቷቸው።

አንድ ተማሪ ሊጠይቀኝ ይችላል፦ መካከለኛው ማጉያ በ455 ፈንታ በ450 ላይ እርስ በርሱ ቢስማማ ምን ይጎዳል? ጉልበቱ እኩል አይደለምን? ጥያቄው ግሩም ነው፤ የንግግሬ ማዕከልም እርሱ ነው። የውስጡ ስምምነት ሞልቷል፤ የውጩ ግን ጎድሏል። ኦሲሌተሩና የአንቴናው ሰርኪት በ455 ልዩነት እንዲሄዱ የተሰሉ ስለሆኑ፣ አሁን አንቴናው ከሚሰማው ጣቢያ 5 ኪሎኸርዝ ርቆ ይቆማል። የአንቴናው ኮይል ጥራት 60 ቢሆን፣ በ1,400 ኪሎኸርዝ ላይ የሚያሳልፈው ስፋት 23 ኪሎኸርዝ ገደማ ነውና ጉዳቱ አይታወቅም። በ600 ላይ ግን ስፋቱ 10 ብቻ ነው፤ የ5 ስህተት ጣቢያውን ወደ ዳር ይጥለዋል። ባለቤቱም «ይህ ራዲዮ ከላይ ይሰማል፤ ከታች አይሰማም» ይላል። ምክንያቱን በአንቴናው ላይ ይፈልጋል፤ በሽታው ግን ያለው ማንም ባልጠረጠረው በመካከለኛው ማጉያ ላይ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ኦሲሌተሩን ከመስታወቱ ቁጥር ጋር ማስማማት ነው። አስቀድማችሁ ቫሪያብል ካፓሲተሩን ሙሉ በሙሉ ዝጉና መርፌው በመስታወቱ የታችኛው ጫፍ ምልክት ላይ መቆሙን አረጋግጡ። ከዚያ ጀነሬተሩን ከአንቴናው መግቢያ ጋር አገናኙ፤ ለመካከለኛ ሞገድ በ200 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በኩል፣ ለአጭር ሞገድ በ400 ኦም ሬዚስተር በኩል። እነዚህ እውነተኛውን የውጭ አንቴና ይተካሉ። አንቴናው በውስጡ ያለ የፌራይት ዘንግ ከሆነ፣ ከጀነሬተሩ ጋር የተገናኘ ጥቂት ዙር ያለው የሽቦ ጥቅል አጠገቡ ማስቀመጥ ይበቃል። ጀነሬተሩንም መርፌውንም 1,400 ላይ አድርጋችሁ የኦሲሌተሩን ትሪመር አዙሩ። ሁለቱንም ወደ 600 ወስዳችሁ ፓደሩን ወይም የኦሲሌተሩን ኮር አዙሩ። ተመልሳችሁ 1,400ን አርሙ፤ እንደገና 600ን፤ ሁለቱም እስኪጸኑ ድረስ።

ትሪመር ለላይኛው፣ ኮር ለታችኛው የሆነበት ምክንያት ቀላል ሒሳብ ነው። በአንቴናው ሰርኪት ላይ እናስላው። ቫሪያብሉ ሲዘጋ ጠቅላላው ካፓሲታንስ 400 ፒኮፋራድ ቢሆን፣ ሲከፈት 46 ገደማ ነው። በትሪመሩ የጨመራችሁት 5 ፒኮፋራድ በታችኛው ጫፍ አንድ በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በላይኛው ግን ከ10 በመቶ በላይ ይሆናል። ይህን የተረዳ ሰው የትኛውን ብሎን ለምን እንደሚያዞር ያውቃል፤ ያልተረዳ ሰው ግን ሁለቱን እያሳደደ ይውላል።

ሦስተኛው እርምጃ አንቴናው ነው፤ አሁን የቀረው ለከፍተኛ ድምፅ ማስተካከል ብቻ ነው። በ1,400 ላይ የአንቴናውን ትሪመር፣ በ600 ላይ ኮሩን ወይም በፌራይቱ ዘንግ ላይ የሚንሸራተተውን ጥቅል። በደካማ የሩቅ ጣቢያ ላይ ይህን እርምጃ በጆሮ መፈጸም ይቻላል፤ የድሮ ባለሙያዎቻችን ጥበብ ሙሉ ክብሩን የሚያገኘውም እዚህ ነው።

አጭር ሞገድ የራሱ ወጥመድ አለው፤ እርሱም ለአገራችን አድማጭ እንግዳ አይደለም። ዛሬ በአዲስ አበባ የሰፈር ስም ሆኖ የቀረው ብሥራተ ወንጌል፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1977 ለአፍሪካና ለእስያ በአጭር ሞገድ ያሰራጭ የነበረ ጣቢያ ነው። ከውጭ የሚመጡ የአማርኛ ስርጭቶችንም ሕዝባችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለው በዚሁ ሞገድ ነው። ከእናንተ መካከል ያንኑ ጣቢያ በመስታወቱ ላይ በሁለት ቦታ ያገኘ አለ። ይህ ጣቢያው ሁለት ጊዜ ስለሚያሰራጭ አይደለም። ኦሲሌተሩ ከጣቢያው 455 ከፍ ቢልም፣ 455 ዝቅ ቢልም ልዩነቱ ያው ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ከእውነተኛ ቦታው 910 ኪሎኸርዝ ርቆ ደካማ ምስል አለው። በመካከለኛ ሞገድ የአንቴናው ሰርኪት ይህን ምስል ይከለክለዋል፤ በ15 ሜጋኸርዝ ላይ ግን 910 ኪሎኸርዝ ትንሽ ርቀት ነውና ይሾልካል።

ስለዚህ በአጭር ሞገድ ትሪመሩ ሁለት ነጥብ ላይ ምልክቱን ያሰማል፤ አንዱ ብቻ ትክክል ነው። ኦሲሌተሩ ከጣቢያው ከፍ እንዲል በተሠሩት፣ ማለትም በአብዛኞቹ ራዲዮዎች ላይ፣ ትክክለኛው ትሪመሩ ይበልጥ የተከፈተበት ነው። ማረጋገጫውም ይህ ነው፦ ጀነሬተሩን በ15 ሜጋኸርዝ ላይ ትታችሁ የራዲዮውን መርፌ ወደ 14.09 አውርዱ። እዚያ ደካማ ምስል ከተሰማ ቅኝቱ ትክክል ነው። ምስሉ በ15.91 ላይ ከተገኘ ግን ኦሲሌተሩ ከታች ቆሟል፤ ተመልሳችሁ ሥሩ። ያለ ጀነሬተር ይህን መለየት የሚቻለው በዕድል ብቻ ነው።

ወደ መደምደሚያዬ ልምጣ። በእጃችን ያለው ችግር የእውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። ብዙ የጥገና ሱቆች ሲግናል ጀነሬተር የላቸውም፤ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች ደግሞ ጀነሬተር አላቸው፤ የሚቃኝ ራዲዮ ግን የላቸውም። ተማሪው ስለ ሬዞናንስ ኩርባ በሰሌዳ ላይ ይማራል፤ ኩርባውን በመርፌ ሲወጣና ሲወርድ ሳያይ ይመረቃል። ባለሙያው ኩርባውን በእጁ ያውቀዋል፤ ስሙን የሚነግረው አላገኘም። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ስለዚህ ለፋኩልቲያችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ላቦራቶሪያችን ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለጥገና ባለሙያዎች ይከፈት፤ ራዲዮውን እነርሱ ያምጡ፤ ምስክሩን እኛ እናቅርብ፤ ተማሪው በሁለቱ መካከል ይቁም።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ልማድ እንዲጸና እመኛለሁ። ማንኛውም ብሎን ከመዞሩ በፊት የነበረበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት፤ የዞረበት መጠን ይቆጠር፤ ሥራው ሲያበቃ መካከለኛው ፍሪኩዌንሲ ስንት እንደ ሆነ፣ የትኛው ክፍል እንደ ተተካ፣ ቀኑም ጭምር በአንዲት ወረቀት ተጽፎ በራዲዮው ሣጥን ውስጥ ይለጠፍ። ከእኛ በኋላ ያንን ራዲዮ የሚከፍት ሰው ይኖራል። እርሱ ከዜሮ እንዳይጀምር ማድረግ በእጃችን ነው። ፋብሪካው ለእኛ ምስክር ትቶ እንደ ሄደ፣ እኛም ለእርሱ እንተውለት።